የካዝናው ፊልም በወንድሜ ትርጉም

ስህተት አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ወልቂጤ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቴ ድረስ የተሰቀሉትን የሆቴልና የፀጉር ቤት ታፔላዎች በአይኔ ሳላርም አልፌ አላውቅም። የሰርግ ጥሪ ካርድ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የምፈልገው ማን እንደሚያገባ ሳይሆን የቱ ጋ ፊደል እንደተገደፈ ነው። ተማሪዎቼ በቀይ እስክሪብቶዬ ምክንያት ስም አውጥተውልኛል። ስሙን አውቀዋለሁ፣ እነሱ ግን የማላውቀው ይመስላቸዋል። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። በዚህ ጠባዬ ምክንያት የደረሰ ነገር አለ፣ እሱን ልናገር ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ ፊልም ነው። ቡታጅራ ያደገና ዕድሜው አርባን ያለፈ ሰው ሁሉ ፊልሙን ያውቀዋል፤ እውነተኛ ርዕሱን የሚያውቅ ግን የለም። "የካዝናው ፊልም" ነው የሚባለው። አምስት ሌቦች ከአንድ ወርቅ ቤት ካዝና ይሰርቃሉ። መስረቁ ተሳካላቸው፣ መክፈቱ ግን አቃታቸው። የሚደብቁበት ቦታ ስለሌላቸው ያንን ብረት ይዘው ከተማ ለከተማ ይንከራተታሉ፤ ፊልሙ በሙሉ ይኸው ነው። አንዴ ቀሚስ አልብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ አሮጊት ነች ብለው ባቡር ያሳፍሩታል። አንድ ፖሊስ ተነስቶ ቦታውን ይለቅለታል። አንዴ ደግሞ ከሙሽሮች ስጦታ ጋር ይቀላቀልባቸውና መልሰው ሊሰርቁት ሰርጉን ሙሉ ሲጨፍሩ ይውላሉ። አለቃቸው ከእስር ገና የወጣ ሽማግሌ ነው፣ ቁልፍ ከፋቹ አይኑ ደክሟል፣ ሾፌሩ መኪና ወደ ኋላ መንዳት አይችልም። አንዱ ሁልጊዜ ይርበዋል። አምስተኛዋ ሴት ናት፣ ከሁሉም ትሻላለች፣ ግን የሚሰማት የለም። መጨረሻ ላይ ዝናብ ሲያባርራቸው አንድ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ ቁጭ ብለው ተስፋ ሲቆርጡ ሴቲቱ እጀታውን ጎተት ታደርገዋለች፣ በሩም ይከፈታል። ከመጀመሪያውም አልተቆለፈም ነበር። ውስጡ ባዶ ነው።

ይህን ፊልም አንድ ሰው አስርና አስራ አምስት ጊዜ የሚያየው ለምንድን ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። የሰረቁትን ማን ይወድላቸዋል? ግን ሌብነታቸውን ማንም ልብ አይለውም። ሰው የሚያየው ልፋታቸውን ነው። ከባድ ነገር ይዘው ሲወጡ ሲወርዱ፣ ሲጣሉ ሲታረቁ፣ ያላቸውን ሁሉ አንድ ሳጥን ላይ ሲጥሉ ያያል። መጨረሻውን እያወቀም ዛሬ እንኳ ገንዘቡ ውስጡ በተገኘ እያለ ይመኛል። እኔም እመኛለሁ፣ ዛሬም ድረስ።

የካዝናውን ፊልም ቡታጅራ ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይቶ፣ መስኮቶቿን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ያለ ተርጓሚ አይሆንም። ተርጓሚው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆማል፣ በያዘው ዱላ የሚናገረውን ፈረንጅ እየጠቆመ፣ የሚለውን በአማርኛ ይናገራል። ሰው ፊልም መርጦ ሳይሆን ተርጓሚ መርጦ ነበር የሚመጣው። ጋሼ ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም በከተማው እሱን የሚያህል ተርጓሚ አልነበረም፤ ምክንያቱም የሚተረጉመው ቃሉን ብቻ አይደለም፣ ሰዎቹን ጭምር ነበር።

የሌቦቹን አለቃ ከሰሜን ተዛውሮ እንደመጣ የወረዳ ሹም "ጉዳዩ በደንቡ መሠረት ይታያል" ያሰኘዋል። ሾፌሩ የመርካቶ ደላላ ይሆናል፣ ሴቲቱ አክስታችንን ትሆናለች፤ አክስታችንም ሰምታ ለሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። አይኑ የደከመውን ቁልፍ ከፋች የአንድ የስልጤ ሽማግሌ ነጋዴ አነጋገር ሰጥቶት፣ ካዝናውን በነካ ቁጥር "ቢስሚላህ" ያሰኘው ነበር። አንድ ሼክ ይህን ሰምተው በስርቆት ላይ ቢስሚላህ አይባልም ብለው አስጠርተው ተቆጡት። ከዚያ ወዲህ "ያ ረቢ ማረኝ" ያሰኘው ጀመር፣ ሰውም የባሰ ሳቀ። መምህራን፣ የበርበሬ ነጋዴዎች፣ ከገጠር ለገበያ የመጡ ገበሬዎች፣ ሁሉም እዚያ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ወይም ጎረቤታቸውን ይሰሙ ነበር።

አባቴም ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል። ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የአጎቶቼንና የዘመዶቻችንን በርበሬ ሁሉ ሰብስቦ፣ ክረምት ዋጋው ሲወጣ እንሸጣለን ብሎ መጋዘን አስቀመጠው። ቆርቆሮው አፈሰሰ፣ ጆንያዎቹ ከስር ረጠቡ፣ በርበሬው ሻገተ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነበር። ጋሼ በጻፈልኝ ደብዳቤ ላይ በርበሬው ተበላሽቷል፣ አባባ ደህና ነው፣ አንቺ ትምህርትሽ ላይ ብቻ አተኩሪ ብሎኝ ነበር። ለእረፍት ስመጣ ግን አባቴ ዝምተኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር እንኳ ሲመከር "እናንተ እንዳላችሁ" ይላል፤ ከዚያ በፊት እሱ ሳይናገር የሚወሰን ነገር አልነበረም። በዓመቱ የካዝናው ፊልም መጣና አባባ እንደገና ሲስቅ ታየ። የሚስቀውም በዚያ ፊልም ብቻ ነው አሉኝ።

መጨረሻው ላይ፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ ካዝናው ላይ ይቀመጣል። ሙዚቃ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ሽማግሌው ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይታያል። ጋሼ እዚያ ጋ ዱላውን ያወርድና በዝግታ እንዲህ ይል ነበር፦ "የወሰድነው የሰው ነበር። ያጣነውም የሰው ነው። ድካሙስ የራሳችን ነው።"

ይህች የመጨረሻዋ አባባል ከተማውን ያዘች። ቡድናቸው የተሸነፈባቸው ልጆች "ድካሙስ የራሳችን ነው" ይላሉ። ፈተና የወደቀ ይላታል። ገበያ ውሎ ያመጣትን ፍየል ሳይሸጥ የሚመለስ ገበሬ ይላታል። አንድ የሒሳብ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ሠርተው መልሱ አልመጣ ሲላቸው ብለዋታል አሉ፤ ተማሪው በሳቅ ክፍሉን አፈረሰው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው ፊልሙን ላይ ወደ ጋሼ ቪዲዮ ቤት የመጣሁት። የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ዓለምን በሙሉ ላርም ተነስቻለሁ። ጋሼ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝና ለተመልካቹ "ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መጥቶልናል" አለ። ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ጋሼ የሚለውና ፈረንጆቹ የሚሉት እንደማይገናኝ ወዲያው ገባኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ችዬ ተቀመጥኩ፣ ለእኔ ይህ ትልቅ ትዕግሥት ነው። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ካዝናው ላይ ሲቀመጥ ግን፣ ጋሼ ያንን ሁሉ ሲናገር፣ የሰውዬው ከንፈር የተንቀሳቀሰው ለአራት ቃል ብቻ መሆኑን አየሁ። አራቱንም ቃላት ሰማኋቸው።

"እንደሱ አላለም እኮ" አልኩ። ጮክ ብዬ፣ እየሳቅኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ታዲያ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ዞር ብዬ ቤቱን በሙሉ እያየሁ መለስኩ።

"'ይሄ የማን ሃሳብ ነበር?' ነው ያለው። ሌላ ምንም አልጨመረም።"

ቤቱ ፀጥ አለ። እኔ ፀጥታውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት። አንዱ እስከ ዛሬ ሲያታልለን ነበራ አለ፣ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባባ ከበሩ አጠገብ ሲነሳ አየሁት። ኮቱን አስተካክሎ፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጎ ወጣ። የአስር ሶላት ደርሶበት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጋሼ ካሴቱን ወደ ባቡሩ ቦታ መለሰውና ዱላውን ዘረጋልኝ። እንግዲያው አንቺ ተርጉሚልን አለኝ። አልተቆጣም፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እኔም ዱላውን ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፣ መቀበሌ። ባቡሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንዲት ስህተት አልነበረችበትም። አንድም ሰው አልሳቀም። ፖሊሱ ተነስቶ ለካዝናው ቦታ ሲለቅ "እመቤት፣ እባክዎ ይቀመጡ" አልኩ፤ ሰዎቹ እንደ ዜና ሰሙኝ። ወደ ማለቂያው ሲደርስ ግማሹ ወጥቶ ነበር። ጋሼ ደጁ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ አልተረጎመም። ትርጉም የማይፈልጉ የካራቴ ፊልሞችን ብቻ ያሳይ ጀመር። ቆይቶ ዲሽ ሲበዛ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፣ እሱም የሞባይል ጥገና ተምሮ ሱቅ ከፈተ። እኔና እሱ አልተጣላንም። በዒድ እንገናኛለን፣ በልጆች ሰርግ እንገናኛለን፣ ስታመም ስንቅ ይዞ ወልቂጤ ድረስ ይመጣል። ግን የወንድሜ ልጆች አባታችን ሰፈሩን በሙሉ ሲያስመስል አንጀታችን እስኪታጠፍ ነው የምንስቀው ይሉኛል። እኔ ያንን አይቼው አላውቅም። እኔ ስገባ ያቆማል።

አባባ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። ያን ጊዜ እረፍቴ አልቆ ስመለስ ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ አደረሰኝ፣ ኦቾሎኒ ገዝቶ በመስኮት ሰጠኝ፣ በርቺ አለኝ። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቆሞ ነበር።

አምና ነው፣ እዚህ ወልቂጤ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስሄድ ዳገቱ መሃል ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ወረደ፣ ገፋ፣ ነካካ፣ ላቡን ጠረገ፣ መጨረሻ ላይ መሪው ላይ ተደግፎ "ድካሙስ የራሳችን ነው ማዘር" አለኝ። ከየት ሰማኸው አልኩት። ቡታጅራ አጎቱ ጋ ሲማር ሰው ሁሉ ይላት እንደነበር ነገረኝ። ፊልሙን አላየውም። ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር እንደነበረም አያውቅም። እኔ በትክክል የተረጎምኩትን አንድም ሰው አልያዘልኝም፤ ወንድሜ ከልቡ ያወጣት ግን ይኸው ያን ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች አፍ ውስጥ ገብታለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ ፊልሙን ፈልጌ ለተማሪዎቼ አሳይቻቸው ነበር፣ ከስሩ ትክክለኛ ጽሑፍ እየሮጠ። ፈገግ ፈገግ ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ጥር ላይ የጋሼ ባለቤት ደወለችልኝ። ለወራት ድምፁ ሲዘጋ ጉንፋን ነው እያለ በማርና በዝንጅብል ሲያስታምመው ነበር። አዲስ አበባ ሲመረመር ጉሮሮው ላይ እጢ ተገኘ። ማንቁርቱን ማውጣት አለብን ብለውታል፣ ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሕይወቱ ይተርፋል፣ ድምፁ ግን ይሄዳል። ባለቤቱ ስልኩ ላይ እያለቀሰች ነበር። እኔ አላለቀስኩም፣ ሥራ እንዳለብኝ ነው የተሰማኝ። ሁለት ሳምንት አለኝ። ወንድሜ የካዝናውን ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲተረጉምልኝና እንድቀዳው ፈለግሁ። ከዚያም በፊት ይቅርታ ልጠይቀው።

ዓርብ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ በሚኒባስ ተነሳሁ። አረቅጥ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ነበር የሚሄደው፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ እናት ብርዱን አይተው ነጠላቸውን ለሁለታችን ዘረጉት። በዚያ ሁሉ መንገድ በውስጤ ይቅርታዬን ሳረቅቅ ነበር። "ያን ቀን የሠራሁት" ከምል "የበደልኩህ" ብል ይሻላል፣ "ወጣት ነበርኩ" የሚለው ምክንያት መደርደር ነው፣ ይውጣ። ቡታጅራ እስክደርስ ሦስት ጊዜ አርሜው አለቀ።

ጋሼ ከጁምዓ ተመልሶ ነበር። አሰላሙ አለይኩም ስለው የመለሰልኝ ድምፅ እንደ ሸካራ ወረቀት ነበር። ከስቷል። ባለቤቱ ሐኪሙ ብዙ አትናገር ብሎታል እያለች ለብ ያለ ውሃ አቀረበችለት። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጌ፣ ስልኬን መቅጃውን ከፍቼ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩትና ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ትራሱን ተደገፈ። ፊልሙ ተጀመረ።

መጀመሪያ ዝም ብሎ አየ። ባቡሩ ጋ ሲደርስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ያለ ድምፅ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ሳልጠይቀው ያ ሾፌር በዚያ በደከመ ጉሮሮ መጣ። ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የመርካቶው ደላላ ራሱ፣ ምንም አልቀነሰም። ባለቤቱ ከበሩ ላይ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ በወንድሜ ትርጉም ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ሳል ያዘው፣ ቆየበት። ባለቤቱ ትኩስ ውሃ ልታመጣ ወጣች። ፊልሙን አቆምኩትና ያረምኩትን ይቅርታ ሁሉ ረስቼው "ጋሼ፣ ያን ቀን አዋርጄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

እጁን አወናጨፈ። እሱን እኮ በዚያው ሳምንት ረስቼዋለሁ አለኝ፤ ሰው ፊት መታረም ያሳፍራል፣ ያልፋል። ከዚያ ውሃውን ጠጣና ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ጠየቀኝ።

"እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስል ነው የኖርኩት። አውቀሽ ነው ወይስ ሳታውቂ?"

"ምኑን?"

ፊቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። አይኖቹ ውስጥ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ። "በቃ ተይው" አለኝ። "ቀጥዪው ፊልሙን።"

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይተወው ነበር። የታመመ ወንድሙ ተይው ሲለው፣ እሺ ብሎ ፊልሙን ይቀጥል ነበር። እኔ ያልተሟላ ነገር አልወድም። አልተውም አልኩት፣ ካልነገርከኝ አልሄድም አልኩት። ሲናገር እንደሚያመው እያየሁ እንዲናገር አስገደድኩት።

እንደነገረኝ፣ በርበሬው የሻገተ ሰሞን ዘመድ ሁሉ በሽማግሌ ፊት ተሰብስቦ ነበር። ታላቁ አጎታችን ተነስቶ አባባን "ይሄ የማን ሃሳብ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። የማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ከአፉ ለማውጣት ነው። አባባ ዝም ሲል አጎቴ ደገመው፣ ሲሰልስ አባባ "የኔ" አለና ተቀመጠ። ጋሼ ከጎኑ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው አባቴ "እናንተ እንዳላችሁ" ማለት የጀመረው። እኔ ትምህርቴን እንዳልተው ብለው ደብቀውኛል። ፊልሙ ሲመጣ ጋሼ መጀመሪያ ለብቻው አየው፣ መጨረሻው ላይ ሽማግሌው የሚለውንም ሰማ።

"አራት ቃል እኮ ናት" አለኝ። "አስረኛ ክፍል የደረሰ ሰው አራት ቃል አይገባውም ብለሽ ነው? አባባ በሩ ጋ ተቀምጦ፣ አጎቶችሽ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ እንዴት ብዬ ልበላት? ወላሂ ሦስት ቀን ነው ሌላ ቃል የፈለግኩት።"

ስልኩ ትራሱ አጠገብ መቅዳቱን ቀጥሏል። አባባ ምን አለህ፣ ያን ቀን ከወጣ በኋላ ምን አለህ ብዬ ጠየቅኩት። ጋሼ መመለስ አልፈለገም። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ሲያልፈኝ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኩት።

ከመግሪብ በኋላ አባባ ግቢ ውስጥ ጠርቶኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ አለ ጋሼ። ከዚያ ድምፁን ለወጠው። ማስመሰል ልማዱ ስለሆነ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ከዚያ ከተቦጫጨቀ ጉሮሮ፣ ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነው አባቴ፣ ቃሉን በአፍንጫው ትንሽ እየጎተተ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ለልጅቷ ማን ነገራት?"

አንተስ ምን አልከው አልኩት። ዝም አልኩ አለኝ። እሱም የነገረኝ ሰው ያለ መስሎት ነበር፤ ከአጎቶቼ ልጆች አንዷ ትሆናለች ብሎ ገምቶ ለዓመታት አላናገራትም። እኔ አባቴን ሆን ብዬ በሰው ፊት እንደጠየቅኩት ቆጥረው ነው ሁለቱም የኖሩት። ወንድሜ ያን ዕለት ፊቴን አይቶ ሳላውቅ ያደረግኩት እንደነበር ገባው፤ ሊተወው የፈለገውም ለዚህ ነው። አባቴ ግን ይህን ሳያውቅ ሞተ። ያ ሻንጣ፣ ያ ኦቾሎኒ፣ ምርቃቴ ላይ ሰዓት ገዝቶ በእጄ ያሰረልኝ፣ ሁሉንም ያደረገው ልጄ ውርደቴን አደባባይ አውጥታዋለች ብሎ እያመነ ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቢጠይቀኝ።

ባለቤቱ ገብታ ስታየን ደነገጠች። ምን ሆናችሁ ስትል ጋሼ እጁን አነሳና "ምንም" የሚል ምልክት አሳያት፤ ድምፁ ለዚያ ቀን አልቆ ነበር። ፊልሙን አልጨረስነውም።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን አንገቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ በስስ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ሱቁንም ከፍቷል፣ ደንበኞቹ ብልሽቱን ይነግሩታል፣ እሱ ዋጋውን በወረቀት ይጽፍላቸዋል። ልጆቹ አጠገቡ ሆነው እሱ ያስመስላቸው የነበሩትን ሰዎች ሊያስመስሉለት ይሞክራሉ። አይችሉም፣ እሱም ይስቅላቸዋል።

የቀዳሁትን ግን አንድም ጊዜ አልከፈትኩትም ነበር። አርባ ደቂቃ ነው። ላጠፋው ብዬ ስንት ጊዜ ጣቴን አንስቻለሁ፣ ግን የወንድሜ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም፤ ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ሁሉ ሰርግና ጭፈራ ነው፣ ካሜራውን የሚይዘው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ነበር። ያለፈው ወር ልጠይቀው ስሄድ ሱቁ ውስጥ ማንም ስላልነበረ ማስታወሻ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋው። "ድምፄ አንቺ ጋ አለ አይደል? ላዳምጠው" ይላል። የእጅ ጽሑፉ ውስጥ ሁለት ፊደል ተገድፏል።

ጋሼ፣ ይቅርብህ አልኩት። እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን ሰጠሁት። የባቡሩን ጫጫታ ሰማ፣ ሾፌሩን ሰማ፣ ፈገግ አለ፣ ሳሉ ሲመጣ አለፈው። የስልክ ሰው ስለሆነ የሚፈልገውን ቦታ ለማግኘት አልተቸገረም። የፈለገው ለካ የራሱን ድምፅ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን።

"ለልጅቷ ማን ነገራት?" አለ አባቴ።

"ማንም አልነገረኝም፣ አባባ" አልኩ። እንባዬ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑት ትንንሽ ብሎኖች ላይ ይወርድ ነበር። ወንድሜ ብሎኖቹን በእጁ ሰብስቦ ወደ ዳር አደረጋቸው፣ ቅጂውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰና እንደገና አስጀመረልኝ።